ለምድ፣ ጎፈርና እርካብ፦ በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች የጦረኛ ልብስ የሚናገረው፣ በእድሳት የሚጠፋው

በጎጃም አንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ይታደስ ሲባል መጀመሪያ ጣሪያው ይነሳል፣ ሥዕሉ ይከተላል። «ደብዝዟል፣ በአዲስ ቀለም ይድመቅ» ይባላል። ምእመኑ ገንዘብ ያዋጣል፣ ከከተማ ሰዓሊ ይጠራል፣ የዘይት ቀለም ይገዛል። ሥራው ሲያልቅ ቅዱሱም ፈረሱም ጦሩም በየቦታቸው አሉ። የጠፋው ልብሱ ነው። የነብር ቆዳ የነበረው ለምድ (የጦረኛው መደረቢያ) ቢጫ ጨርቅ ሆኗል፤ ባዶ የነበረው እግር ቦት ጫማ ገብቶበታል፤ በቀኝ ጎን የነበረው ጎራዴ ወደ ግራ ዞሯል። ለመሳለም የመጣ ሰው ይህን ልብ ላይል ይችላል። ከዚያ ግድግዳ ላይ የተፋቀው ግን የአንድ ዘመን የማዕረግ መዝገብ ነው፤ ሌላ ቅጂም የለውም።

ጊዮርጊስ፣ መርቆሬዎስ፣ ቴዎድሮስ፣ ገላውዴዎስ፣ ፋሲለደስ፣ ፊቅጦር በገድላቸው የሮም ጦር አለቆችና መኳንንት ናቸው። የጣና ዙሪያ ሰዓሊዎች ግን የሮም ጥሩር (የብረት ልብስ) አይተው አያውቁም፤ ማየትም አላስፈለጋቸውም። የሰማዕቱን ክብር ለምእመኑ ለማሳየት ምእመኑ በዓይኑ የሚያውቀውን ታላቅ ጦረኛ አለበሱት፦ ደጃዝማቹን፣ ራሱን፣ ንጉሡን። ስለዚህ የሰማዕቱ ሥዕል ሰማዕቱን ሲያከብር የዘመኑን የመኳንንት አለባበስም አብሮ መዝግቦ አቆይቶልናል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ በደቅ ደሴት ባሠሩት ናርጋ ሥላሴ ያሉትን ሥዕሎች የሚያይ ሰው በጨርቁ ላይ ያለውን አበባና ጥልፍ ልብ ይበል። ከ1730ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተስፋፋው ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ከባሕር ማዶ የሚመጣውን የሐርና የአበባ ጨርቅ አንድ በአንድ ይስላል። ከዚያ በፊት የነበረው የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ልብሱን በደማቅ መስመርና በጠፍጣፋ ቀለም ይሠራል። ሁለቱን ለመለየት ፊቱን ከማየት ይልቅ ልብሱን ማየት ይቀላል።

በክብ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሉ ያለው ቅኔ ማሕሌቱን አልፎ ቅድስት ሲገባ በሚታየው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። በምዕራቡ በር ሰይፍ የመዘዙ ሊቃነ መላእክት ይቆማሉ፤ ፈረሰኞቹ ሰማዕታት በብዛት የሚሰለፉት በሰሜኑ ግድግዳ ነው። በዘጌ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ለዚህ ጥሩ ትምህርት ቤት ናቸው። በነጭ ፈረስ ዘንዶውን የሚወጋው፣ ብሩታዊት ከዛፍ ላይ ሆና የምታየው፣ ጊዮርጊስ ነው። በጥቁር ፈረስ ከሃዲውን ንጉሥ ኡልያኖስን የሚወጋው መርቆሬዎስ ነው። ገላውዴዎስ ከወገቡ በታች አውሬ የሆነውን ሰበታትን ይወጋል፤ ሱስንዮስ ሕፃናት ገዳይዋን ውርዝልያን። እስከዚህ ያለውን ማንም ካህን ይነግራል። ልብሱን የሚያነብ ሰው ግን እየቀነሰ ነው፤ ስለዚህ ከልብሱ ላይ እንቆይ።

ለምድ ከትከሻ እስከ ወገብ ወይም እስከ ጉልበት የሚወርድ መደረቢያ ነው። መነሻው ቆዳ ነው፦ የአንበሳ፣ የነብር፣ የገሰላ (የጥቁር ነብር)። ቆዳው ሲገፈፍ አራት እግርና ጅራት ስለሚኖሩት፣ ሰው ሲለብሰው እነዚያ ቅሪቶች በደረት፣ በጎንና በጀርባ ተንጠልጥለው ይወርዳሉ። ከፈይና ወርቀ ዘቦ ሲመጣ ልብስ ሰፊው ያንኑ ቅርጽ አልተወም፤ የከፈዩን ጠርዝ ዘርፍ ዘርፍ አድርጎ ቆረጠው፣ በሙካሽ (በወርቅማ ክር) ጠለፈው፣ በአንገት ላይ በብር ማያያዣ ዘጋው። እንግዲህ በሥዕል ላይ ከታች ዘርፍ ያለው ቀይ ወይም ሰማያዊ መደረቢያ ሲታይ የከፈይ ለምድ ነው፤ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ከሆነ ካባ ነው። በክብ በክብ ጥቁር ነጥብ ያለበት የነብር ነው፤ ድፍን ጥቁር ሆኖ ዘርፍ ያለው የገሰላ ነው። ለምድ በገበያ ገዝቶ የሚለበስ አልነበረም። ንጉሥ ወይም ራስ ለጀግና በአደባባይ ይሸልመዋል፤ ያልተሸለመ ሰው ለብሶ ቢገኝ ነውር ነበር። ሰዓሊው ለሰማዕቱ ሲያለብሰው «ይህ በሰማዩ ንጉሥ የተሸለመ ነው» ማለቱ እንደሆነ የዚያ ዘመን ሰው ወዲያው ይገባው ነበር።

ጎፈር የሚታሰረው በግንባር ላይ ነው፤ የአንበሳ ጋማ ሲሆን የገዳይነት ምልክት ነው። ለዚሁ ሥራ የጭላዳ ጋማም ይውል ነበር። በጆሮ ላይ ሎቲ ያደረገ ሰው ዝሆን ገዳይ ነው። በክንድ ላይ የሚታየው ሰፊ የብር ወይም የወርቅ አምባር ቢትዋ ነው፤ እርሱም ሽልማት ነው። በራስ ላይ ዙሪያውን የሚታሰረው ራስ ወርቅ ደግሞ ለትልልቅ መኳንንት ብቻ ነበር። ጋሻውም ደረጃ አለው፦ የተራው ወታደር ጋሻ የጎሽ ወይም የጉማሬ ቆዳ ሆኖ በመስመር የተጌጠ ነው፤ የመኳንንቱ በከፈይ ተለብጦ በላዩ የብር ወይም በወርቅ የተቀባ ቅጠል ይመታበታል። በሥዕል ላይ በጋሻው መካከል ነጭ ወይም ቢጫ ሰረዞች በጨረር ቅርጽ ሲወጡ ሰዓሊው ያንን ብር ማሳየቱ ነው። አዲስ ቀቢ ይህን አያውቅምና «ፀሐይ» አድርጎ ይስለዋል፤ አልፎ አልፎም መስቀል ይጨምርበታል።

አሁን ወደ እግሩ እንውረድ፤ አዋቂውና ቀቢው ከሁሉ ይበልጥ የሚለዩት እዚያ ነው። የሀገራችን ፈረሰኛ ጫማ አያደርግም ነበር። እርካቡ ጠባብ የብረት ቀለበት ሲሆን የሚገባበት አውራ ጣቱ ብቻ ነው፤ በአውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መካከል ይያዛል። የድሮው ሰዓሊ ይህን በጥንቃቄ ይስለዋል፦ አውራ ጣት ከሌሎቹ ተለይታ ወጥታ፣ ቀለበቱ ውስጥ ገብታ፣ ተረከዙ ወደ ታች ወርዶ። ከውጭ የታተመ ሥዕል አይቶ የሚገለብጥ ሰዓሊ ግን ሙሉ እግሩን በሰፊ እርካብ ያስገባል፣ ከዚያም ጫማ ይጨምርለታል። በአንድ የብሩሽ ምት ፈረሰኛው የሌላ አገር ሰው ሆነ ማለት ነው።

ጎራዴውም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ ጎራዴና ሾተል የሚታጠቁት በቀኝ ጎን ነው፤ ግራ እጅ ጋሻ ስለሚይዝ። ፈረሱ ወደ ተመልካቹ ቀኝ ሲያመራ የምናየው የጋላቢውን ቀኝ ጎን ነው፤ ስለዚህ የጎራዴው አፎትና የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ሁለቱም በግልጽ ይታያሉ። አሁን አሁን ሰዓሊዎች ከስልክ ላይ ባገኙት ፎቶ ይሠራሉ፤ ፎቶው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተገልብጦ የተለጠፈ ነው። የዚህ ምልክቱ ጦሩ በግራ እጅ መያዙ ነው። ጦር በግራ እጁ የያዘ፣ ጎራዴ በግራ ጎኑ የታጠቀ ሰማዕት ካያችሁ መጀመሪያ የተሠራበት ምስል የተገለበጠ መሆኑን ጠርጥሩ፤ በዙሪያው ጽሑፍ ካለ ከዋናው ጋር አስተያዩት።

ጠላትም ልብስ አለው። ክፉ ሰው በጎን ፊት፣ በአንድ ዓይን ይሳላል፤ ጻድቅ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙም የማይነገረው፣ ጌታን የሚሰቅሉት ጭፍሮች የሚለብሱት በየዘመኑ የሚፈራውን ጠላት ልብስ መሆኑ ነው፦ አንዴ ጥምጥም፣ አንዴ ቀይ ተርቡሽ። መሣሪያውም ዘመኑን ይናገራል። ረጅም አፈሙዝ ኖሮት በሚነድ ገመድ የሚተኮሰው ነፍጥ የጎንደር ዘመን ሥዕል ላይ ቢታይ አይገርምም። ሰናድር የሚባለውን ጠመንጃ ግን የእንግሊዝ ጦር የተቀበለው በ1866 እ.ኤ.አ. ነው፤ ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃም የ1874 እ.ኤ.አ. ሥሪት ነው። ሰናድር በጎኑ መምቻ አለው፣ ውጅግራ የሚሳብና የሚገፋ እጀታ አለው። ስለዚህ አንድ ወታደር ውጅግራ ይዞ ከተሳለ ያ ክፍል ከዚያ ዓመት በኋላ ተሠርቷል። ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ነው፦ ጠመንጃው ብቻ በኋላ የተጨመረ ሊሆን ይችላል። የጠመንጃው ቀለም ከእጁ ቀለም በላይ ተደርቦ እንደሆነ በማጉያ መነጽር ሳይታይ ስለ ሥዕሉ ሁሉ ዘመን መናገር አይገባም።

ማዕረግ የሚታየው በመልበስ ብቻ አይደለም፤ በአለባበስም ነው። በንጉሥ ወይም በጌታ ፊት የቆመ ሰው ያደገድጋል፦ ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ይታጠቃል። በሥዕል ግርጌ ባዶ ትከሻውን ወይም እጀ ጠባቡን አሳይቶ፣ ጨርቁን ወገቡ ላይ አስሮ የቆመ ሰው አሽከር ወይም ጭፍራ ነው። እስከ አፉ ተከናንቦ የቆመው ባለሥልጣን ነው። ሥዕሉን ያሠራው መኰንን ራሱ በማርያም እግር ሥር ሲሳል ግን አደግድጎ ወይም ተደፍቶ ነው፤ ምንትዋብም በናርጋ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። አዳሹ ለጌጥ ብሎ ነጠላውን ወደ ትከሻ ቢመልሰው ሰውዬውን ከአገልጋይ ወደ ጌታ ሾመው።

ጎጃም ይህን ቋንቋ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዓሊዎች ነበሩት። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ተቀብተው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከተባሉ በኋላ ደብረ ማርቆስ የሰዓሊም የሊቅም መናኸሪያ ሆነች። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ በአንድ እጃቸው የጎጃምን ታሪክ የጻፉ፣ በሌላው ሥዕል የሣሉ ሰው ነበሩ። በእምባቦ ጦርነት በ1874 ዓ.ም. የተሸነፉትና በ1888 ዓ.ም. ከምኒልክ ጋር አድዋ የዘመቱት አንዱ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ የጎጃም ጦር ልብስ፣ የጋሻው ብርና የፈረሱ ግላስ (የጌጥ ልብስ) በዚያ ትውልድ ዓይን ፊት የነበሩ ነገሮች ናቸው። የዚያ ዘመን ሰዓሊ ለምድ ሲስል ከሰው ትከሻ ላይ አይቶ ነው። ዛሬ ያለው ሰዓሊ ይህ ዕድል የለውም፤ የቀረው መምህር ግድግዳው ነው።

የአውሮፓ ዩኒፎርም ሲመጣም አሮጌው ምልክት ወዲያው አልጠፋም። የክብር ዘበኛ መኮንኖች በሥነ ሥርዓት ቀን የሚደፉት ቆብ ዙሪያውን የአንበሳ ጋማ ነበረው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በማርሻል ልብሳቸው ላይ ጋማ ያለበት ባርኔጣ ያደርጉ ነበር። ልብሱ ከባሕር ማዶ ቢመጣም ጎፈሩ በራስ ላይ ቀርቷል። በአድዋ ሥዕሎች ላይ ደግሞ የጣሊያን ወታደር በአንድ ዓይነት ልብስ በረድፍ ተደርድሮ ሲታይ፣ የኛ ሰው እያንዳንዱ በየለምዱና በየጋሻው ይለያል። እዚህ ሰዓሊው ለተመልካች የሚናገረው ከባድ ነገር አለ፦ ያኛው ወገን ቁጥር ነው፣ ይህኛው ስም ያለው ሰው ነው። በዚያው ሥዕል ለጣሊያን የተሰለፉት አፍሪካውያን ወታደሮች፣ የአስካሪዎቹ፣ መታጠቂያና የተርቡሻቸው ዘርፍ ቀለምም በዘፈቀደ ሊቀባ አይገባም፤ ሻለቃ ጦሮቻቸው የሚለዩት በዚያ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲመለስ የተነሱት አርበኞች ሌላ መልክ ፈጠሩ፦ ያልተቆረጠ ጎፈሬ፣ ዝናር፣ ቁምጣ፣ ኮት፣ ምንሽር። ደጃዝማች በላይ ዘለቀን፣ በፈረስ ስማቸው አባ ኮስትርን፣ የሚስል ሰው ሁለት ምርጫ አለው። በበረሃ ልብሱ ከሳለው አርበኛነቱን ይናገራል፤ በደጃዝማች ልብስ ከሳለው ከነፃነት በኋላ የመጣውን ሹመት። ሁለቱን በአንድ ሸራ ማደባለቅ፣ ማለትም ጎፈሬውንና ዝናሩን ከከፈይ ለምድና ከራስ ወርቅ ጋር መስጠት፣ ምን ዓመት እንደሆነ የማይታወቅ ሰው ይፈጥራል። እኛ የበረሃውን ልብስ እንመርጣለን፤ ሕዝብ ያወቀውና የወደደው በዚያ ነውና።

ዛሬ የየካቲት 23 በዓል ሲደርስ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ የጀግና ልብስ የሚሰፋና የሚከራይ ሰው በዝቷል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ አሠራሩ ግን ይታረም። ለምድ ለመስፋት ለአንድ አዋቂ 2 ሜትር ገደማ ከፈይና ያንኑ ያህል ገበር ይበቃል። አብዛኛው ሰፊ ከፈዩን እንደ ካባ ቀጥ አድርጎ ይቆርጥና ዘርፉን በኋላ በተለየ ጨርቅ ይለጥፈዋል፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ዘርፉ ይገነጠላል፣ ቅርጹም የመጋረጃ ይመስላል። ዘርፉ ከአካሉ ጋር አብሮ መቆረጥ አለበት፦ ሁለት በደረት፣ በየጎኑ አንድ አንድ፣ ከኋላ ደግሞ በጅራት ቦታ አንድ ረዘም ያለ። ጥልፉ ከመሰፋቱ በፊት ጠርዙ በገበር ይገልበጥ፤ አለዚያ ከፈዩ ይተረተራል። ለጎፈር የአንበሳም የጭላዳም ጠጉር አያስፈልግም፤ አንበሳና ነብር በሕግ የተጠበቁ ናቸው፣ ጭላዳም ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ረጅም የፍየል ጠጉር ወይም የበግ ሱፍ በቡና ቀለም ነክሮ በጠባብ ቆዳ ላይ መስፋት በቂ ነው። ጋሻው ግማሽ ሜትር ገደማ ስፋት ኖሮት ወደ ውጭ የጎበጠ ይሁን፤ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚሸጠው ካርቶን የትኛውንም የኢትዮጵያ ጋሻ አይመስልም።

የፈረሱን ልብስ በሕይወት ማየት የሚፈልግ ሰው ሙዚየም መሄድ አያስፈልገውም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ እስከ ዛሬ አለ፤ በየዓመቱ ጥር 23 በእንጅባራ ይሰበሰባሉ። ቀኑ የጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ነው፤ አድዋም የዋለው በ23 ነው። ኮርቻው፣ ግላሱ፣ ልጓሙ፣ ዛቡ እዚያ በፈረስ ላይ ይታያሉ። ጊዮርጊስን ለመሣል የተዋዋለ ሰዓሊ አንድ ጥር እዚያ ሄዶ ቢነድፍ ከመቶ የታተመ ሥዕል ይበልጥ ይማራል።

ወደ እድሳቱ እንመለስ። የጎጃም ሥዕል አብዛኛው በጭድ ጭቃ በተለሰነ ግድግዳ ላይ በሙጫ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ የተሠራ ነው። ከሥር ነጭ ለስን አለው፤ ቀለሙ ከከሰል ጥቁር፣ ከኒል ሰማያዊ፣ ከቢጫና ከቀይ ማዕድን የተፈጨ ሆኖ በእንስሳ ሙጫ የተያዘ ነው። ይህ ሙጫ ውኃ ሲነካው ይላላል። «አቧራውን እንጥረግ» ብሎ እርጥብ ጨርቅ ያሳለፈ ሰው መጀመሪያ የሚያጠፋው የመጨረሻዎቹን ቀጭን መስመሮች ነው፤ የነብሩ ነጥብ፣ የሙካሹ ክር፣ የአውራ ጣቱ ጥፍር ያሉት ደግሞ በእነዚያ መስመሮች ነው። የዘይት ቀለምና ቬርኒሽ ሲደረብበት ሌላ ጣጣ ይመጣል። የላይኛው ሽፋን ሲደርቅ ይጠነክራል፣ ይኮማተራል፣ የግድግዳውን እርጥበት ይዘጋል፤ በጥቂት ክረምት ውስጥ ሽፋኑ ከነታችኛው ሥዕል በቅርፊት ቅርፊት ይወርዳል። ቬርኒሹም ይቢጫል፤ ያኔ የብር ጋሻው ወርቅ ይመስላል፣ ሰማያዊው ለምድ አረንጓዴ።

ለሥዕሉ ከሁሉ የሚበልጠው ጥገና ጣሪያው ነው። የቆርቆሮው ሚስማር የላላበት፣ ውኃው በግድግዳው የሚወርድበት ቦታ ሳይዘጋ ሥዕል መንካት ገንዘብ ማባከን ነው። ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ማንም ሰው ብሩሽ ከማንሳቱ በፊት ፎቶ ያስነሳ። መጀመሪያ ሙሉ ግድግዳው፣ ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰማዕት፣ ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ ራሱ፣ አንገቱና ደረቱ፣ ወገቡና ጎራዴው፣ ሁለቱ እጆቹ፣ እግሩና እርካቡ፣ የፈረሱ ዕቃ ለየብቻ ይነሱ። በእያንዳንዱ ፎቶ ጥግ ማስመሪያ ይቀመጥ፤ ያለ ማስመሪያ የጋሻውን ስፋት በኋላ ማወቅ አይቻልም። ብልጭታ አይብራ፤ መብራቱ ከጎን፣ ከግድግዳው ጋር ሊነካካ በተቃረበ አቅጣጫ ይያዝ። እንዲህ ሲበራ በቀለሙ ሥር ያለ የቆየ ንድፍ፣ የተነሳ ቅርፊትና በኋላ የተደረበ ቀለም ጥላ ጥሎ ይታያል። ቅርፊቱ የተነሳበትን ቦታ ማንም አይንካው፤ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽም ቢሆን ያወርደዋል።

ሕጉም ግልጽ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ማንኛውም የቅርስ ጥገናና እድሳት አስቀድሞ በቅርስ ባለሥልጣኑ መፈቀድ እንዳለበት ይደነግጋል። ደብዳቤው ከሰበካ ጉባኤው ይጻፍ፣ ፎቶዎቹ አብረው ይያያዙ፤ ፎቶ የሌለው ማመልከቻ ባለሙያ ከመምጣቱ በፊት ስለ ጉዳቱ ምንም አይናገርም።

ምእመኑ ደማቅ ሥዕል ከፈለገ መብቱ ነው፤ አዲሱ በአዲስ ሸራ ላይ ተሠርቶ በቅኔ ማሕሌቱ ይሰቀል፣ አሮጌው በመቅደሱ ግድግዳ ይቆይ። ከሰዓሊው ጋር የሚፈረመው ውል ላይ ደግሞ አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ ልብሱ፣ መሣሪያውና የፈረሱ ዕቃ ከነባሩ ሥዕል ይወሰዳሉ፤ ጦሩ በቀኝ እጅ፣ ጎራዴው በቀኝ ጎን፣ እግሩ ባዶ፣ እርካቡ በአውራ ጣት። የመጨረሻው ክፍያ የሚሰጠው ንድፉ በቀለም ሳይሸፈን ከነባሩ ጋር ተስተያይቶ ከጸደቀ በኋላ ይሁን፤ ቀለም ከገባ በኋላ የሚታረም እርካብ የለም።